በእንዶድ የታጠበው አሸዋ

ከወጥ ቤት ስመለስ ነው አረፋውን ያየሁት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር። ከምሠራለት ፈረንጅ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የአሣው የመስታወት ገንዳ ቆሟል። አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተር እንደ ወትሮዋ ታንጎራጉራለች። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ በሚልበት ማዕዘን ግን ነጭ አረፋ በውሃው ላይ ተቆልሏል። መጀመሪያ የጣት ውፍረት ያህል መሰለኝ። ዓይኔን አሽቼ ሳየው ስንዝር ሆኗል። ያን አረፋ አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ክንዴን እስከ ክርኔ ስነክርበት የኖርኩት ነው። የእንዶድ አረፋ ነው።

ወዲያው መስታወቱ ላይ ተለጥፋ የምትውለው ቀንድ አውጣ ለቀቀችና እንደ ጠጠር ወደ ታች ወረደች። ቀሃ ወንዝ ልብስ ስናጥብ፣ ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሁሉ ሲረግፍ፣ ትንንሹም አሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ሲንሳፈፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አይቼም «ዛሬስ እንዶዱ በርትቷል» ብዬ ስቄ አልፌያለሁ። አሁን እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ገንዳው ውስጥ የጨመርኩትን አሸዋ ያጠብኩት በእንዶድ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ጽሕፈት ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ቢጣመምብኝም አንባቢ ያቅናልኝ።

እኔ የድብ ባሕር ሰው ነኝ። ባሌ ሲሞት አንዲቷን ሴት ልጄን ይዤ ጎንደር ገባሁ። ጣልያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ከቁስቋም በታች የሚኖር አንድ ፈረንጅ መምህር ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለና የግቢው ዘበኛ፣ የጭልጋ ሰው የሆኑ ሽማግሌ፣ ዋስ ሆነውኝ ገባሁ። ከግቢው ጥግ አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ተሰጠን።

ያቺ ክፍል ለእኔ መኝታ ብቻ አልነበረችም። የባሌ ታላቅ ወንድም ልጄን ዛሪማ ላለ ሰው ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር። ልጂቱ ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አይሆንም ብዬ ሽማግሌ ፊት ቆምኩ። ሽማግሎቹም እንዲህ በየኑ፤ እናቲቱ ጣራ ያለው ቤትና የቆመ ሥራ እስካላት ድረስ ልጂቱ ከእናቷ ጋር ትማር፤ ሥራዋን ያጣች ቀን ግን ልጂቱ ወደ አባቷ ወገን ትመለስ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲህ የባሌ ወንድም ለገበያ በመጡ ቁጥር ጎራ ብለው የክፍላችንን ጣራ ቀና ብለው ያዩታል። ሳር የሚፈልግ በሬ እንኳ እንዲያ አያይም።

ፈረንጁ ሚስትም ልጅም የለውም፤ ያለው ገንዳው ነው። «አንቱ» ስለው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለው ይዞር ነበርና «አንተ» ማለት ለምጃለሁ። የባሕር ውሃ ከምጽዋ በጭነት ማኪና፣ በታላላቅ ጠርሙስ ያስመጣል። ገንዳው ውስጥ ከባሕር የወጡ ድንጋዮች አሉ። ድንጋይ እላለሁ እንጂ ሕይወት አላቸው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ቀስ ብለው እንደ አደይ ይከፈታሉ፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ይሰበሰባሉ። በመካከላቸው ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ አሣዎችና አንድ ቢጫ አሣ ይመላለሳሉ። ገንዳው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ፤ ወለሉ ግን ባዶ መስታወት ነበር።

ኋላ አንድ ቀጭን አረንጓዴ አሣ መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሱን ከመስታወቱ ወለል ጋር ያጋጫል። አፍንጫው ቆሰለ።

«ይህ አሣ የሚተኛው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ነው» አለኝ ፈረንጁ። «አልጋ ነሳሁት።»

ይህን ለዘበኛው ብነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። «እኔ አርባ ዘመን መደብ ላይ ስጋደም ማን አልጋ ነሳሁት አለኝ? ምነው አሣ አድርጎ በፈጠረኝ!»

አሸዋውም ከዚያው ከምጽዋ በጆንያ መጣ። በመጣበት ሳምንት ግን ፈረንጁ ለትምህርት ቤት ጉዳይ አስመራ ተጠራ። ማክሰኞ ከመሄዱ በፊት ገንዳው አጠገብ አቆመኝና እየደጋገመ አስጠናኝ።

«አሸዋውን ደህና አድርገሽ እጠቢ፣ ጉድፉ እስኪወጣ። ከዚያ በቀን አንድ ጣሳ። በዚህ ወፍራም ቱቦ ወደ ታች፣ ቀስ እያልሽ፣ ድንጋዮቹ ላይ እንዳይወድቅ።» አንድ ጣቱን አቆመ። «አንድ ጣሳ። ገንዳው የቆየ ነው፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ከገባበት ይታመማል።»

እኔ ደግሞ ነጭ ነገር በባዶ ውሃ አጥቤ አላውቅም። በባዶ ውሃ የተለቀለቀ ጋቢ ታጠበ ብለሽ ብታሰጪ የቀሃ ሴቶች ዓመት ያወሩልሻል። አሸዋው ደግሞ ነጭ ነው፤ የሰው አደራ ነው። ሐሙስ ዕለት የደረቀ የእንዶድ ፍሬ አውጥቼ በሙቀጫ ወቀጥኩ። እያስነጠሰኝ ወቀጥኩ። አሸዋውን በእሱ ዘፈዘፍኩት፤ አሸሁት፤ ሦስት ውሃ አለቀለቅሁት። ሰሌን ላይ ሳሰጣው እንደ ማኛ ጤፍ ነጣ። ፈረንጁ ሲመጣ «ምነው እንዲህ ሸጋ አደረግሽው!» ሲለኝ እየታየኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጣሳ በቱቦው አወረድኩ። ዘበኛው በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ይህ ሁሉ ሽርጉድ ለአንድ ጣሳ ነው? ጆንያውን ገልብጪውና ዕረፊ እንጂ!»

«በቀን አንድ ብሏል፣ አያ።»

«እሱ አስመራ ነው ያለው። ከዚያ ሆኖ ጣሳ ይቆጥራል?»

እውነቱን ልናገር፤ ሁለተኛውን ጣሳ ሞልቼ አንስቼው ነበር። ሥራው አልቆ ቢያየው ደስ ይለው ይሆናል ብዬ። ያቺ የቆመች ጣቱ መጣችብኝና መልሼ ጆንያው ውስጥ ገለበጥኩት። ሽንኩርት ልከትፍ ወጥ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ነው እንግዲህ አረፋው የጠበቀኝ።

ሮጬ ወጣሁ።

«አያ! አሣዎቹ ሊያልቁብኝ ነው!»

«ምን ነካቸው?»

«አሸዋውን በእንዶድ አጥቤው ነበር!»

ሽማግሌው ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ፊቴን አዩት መሰለኝ። ዋስ የሆኑኝም እሳቸው ናቸው።

«ስሚኝ» አሉ። «እኛ አገር ብርብራ ወቅጠን ወንዝ ላይ ስንበትን አሣው ይሰክራል። ሰክሮ የተንሳፈፈውን እንለቅመዋለን። እየተንገዳገደም ቢሆን ወደ ንጹሕ ውሃ ያመለጠው ግን ይድናል። በዓይኔ አይቻለሁ። ንጹሕ ውሃ ፈልጊላቸው።»

ንጹሕ ውሃ! የምንጭ ውሃ አይሆናቸውም፤ የጨው ውሃ ፍጡሮች ናቸው። ዕቃ ቤት ግን ሦስት ጠርሙስ የባሕር ውሃ አለ። «ይህ ለእኔ ከወርቅ ይበልጣል፤ እንዳትነኪው» የተባልኩት ውሃ ነው። አንዱን ተሸክሜ ስወጣ ወገቤ ቀጭ አለ። የግቢው በር የተንኳኳውም ያን ጊዜ ነው።

«ቤቶች!»

ድምፁን ለየሁት። የባሌ ወንድም ናቸው።

ዘበኛው ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺ ግቢ፤ እኔ በወሬ እይዛቸዋለሁ» አሉና በዝግታ፣ ከወትሯቸው በላይ እያነከሱ፣ ወደ በሩ ሄዱ።

ስንዴ ብቻ የሚታጠብበት፣ ሳሙናም እንዶድም ነክቶት የማያውቅ ሳፋ ነበረኝ። የባሕሩን ውሃ እሱ ውስጥ ገለበጥኩ። እጄን ሳላስበው በቀሚሴ ልጠርግ ስል ደንግጬ ተውኩት፤ ቀሚሴም በእንዶድ የታጠበ ነው። ፈረንጁ አሣ በሚያወጣባት ትንሽ ወንፊት ብርቱካንማዎቹን አንድ በአንድ ጨለፍኩ። ወትሮ እንደ መብረቅ የሚያመልጡኝ ነበሩ፤ ያን ቀን እሺ ብለው ገቡልኝ። እሺታቸው ይበልጥ አስፈራኝ። ቢጫውን አወጣሁ። አረንጓዴው ግን የት እንዳለ አጣሁት።

በመስኮቱ የሁለቱ ሰዎች ድምፅ ይገባል።

«ምነው ዛሬ በሩ ሳይከፈት ከረመ?» ይላሉ የባሌ ወንድም።

«እግሬ ነው፣ ጌታው። ድብ ባሕር ዝናቡ እንዴት ሰነበተ?»

«ደህና ነው። ሴትየዋ የለችም?»

«አለች። ገብሱስ? ገብሱ እንዴት ያዘ?»

አረንጓዴው አሣ ለካ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ኖሯል! ያቺ የጨመርኳት አንድ ጣሳ ከማዕዘኑ ክምር ብላለች፤ የጅራቱ ጫፍ ብቻ ይታያል። አልጋ አገኘሁ ብሎ መርዙ ውስጥ ተኝቷል። እጄን ሰድጄ ከነአሸዋው ዘገንኩት። በጣቶቼ መካከል ተላወሰ። ሳፋው ውስጥ ስለቀው በጎኑ ተንጋለለ።

ድንጋዮቹን ማንሳት አልችልም፤ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ሁሉም እንደ ጡጫ ተጨብጠው ቅባት የመሰለ ነገር ለቀዋል። የቀረው መላ አሸዋውንም ውሃውንም ማውጣት ነው። ፈረንጁ እንደሚያደርገው ቀጭኑን ቱቦ ገንዳው ውስጥ ነክሬ በአፌ ሳብኩ። አፌ ሞላ። ጨው ጨው ይላል፤ ከጨው በኋላ የእንዶዱ ምሬት ጉሮሮዬን ያዘው። ተፋሁ፤ እንደገና ሳብኩ። አሸዋው በቱቦው እየተንሿሿ ባልዲው ውስጥ ይወርድ ጀመር። አረፋውን በኩባያ እየጨለፍኩ እደፋለሁ። ባልዲውን በጓሮ በር አፍስሼ እመለሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም።

ቀና ስል የባሌ ወንድም ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ከኋላቸው «አልቻልኩም» በሚል ዓይን ያዩኛል።

«ምነው?» አሉ የባሌ ወንድም። «ከንፈርሽ ላይ አረፋ አለ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ወደ ሳፋው ዝቅ ብለው አዩ። «አሣ ልትሠሪ ነው? ጾም ገባ እንዴ?»

«የፈረንጅ ጾም ነው» አሉ ዘበኛው ከኋላ።

አልሳቁም። ከሳፋው ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ እኔ አዩ። ገበሬ ናቸው፤ የታመመ እንስሳ ያውቃሉ። «የጌታሽን ከብት ጎድተሽበታል» አሉ በእርጋታ።

ባልዲውን ወደ ጎን ገፋሁ።

«መቼ ይመጣል?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው እኔም እስከ ሰኞ እዚሁ ነኝ። ቁስቋም ዘመድ ቤት አድራለሁ። ሥራሽ ይቀጥል አይቀጥል ከሰውየው አፍ እሰማለሁ። የዛሪማው ሰው ሁለት ዓመት ታገሠ፤ የሽማግሌም ብያኔ ብያኔ ነው።» ሲወጡ የክፍላችንን ጣራ ቀና ብለው አዩት። ልጄ በሩን ከውስጥ ቀርቅራው ነበር።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ውሃው ተጣርቶ የሚያልፍባትን ሣጥን ከፍቼ ፈረንጁ በየወሩ እንደሚያደርገው አሮጌውን ከሰልና ጥጥ አውጥቼ በአዲስ ተካሁ፤ የሚያደርገውን ሁሉ ለካ ሳላውቀው አጥንቼው ኖሯል። ፀሐይ ስትጠልቅ አረፋው እንደገና ጣት ያህል ወጣ። ሦስተኛውንም ጠርሙስ ግማሹን ለሳፋው፣ ግማሹን ለገንዳው ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት ልጄን ልቀሰቅሳት ስሄድ የደብተር ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታ አገኘኋት። ሊወስዷት ቢመጡ ልትሸሽ እንደተዘጋጀች ገብቶኛል።  ቁስቋም ማርያም ተሳልሜ ጧፍ ተሳልኩ፤ ለአሣ ሲባል ስለት ይሳሉ እንደሆነ ካህን አልጠየቅሁም።

አሣዎቹ ሳፋው ውስጥ ነበሩ። ብርቱካንማዎቹ ቀና ብለዋል። ቢጫው ይተነፍሳል። አረንጓዴው እንደተጋደመ ነው፤ ጉሮሮው ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል። እየቆጠርኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ ጅራቱን አንድ ጊዜ መታ። ማታ ላይ ቀና አለ። የገንዳው አረፋ እንደጠፋ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ፤ ጨው ብቻ ነው። አሣዎቹን መለስኳቸው። ድንጋዮቹ ግን እንደተጨበጡ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ወጥ ቤት ድረስ መጡ።

«አስቤበታለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሸዋው ነው በይ። ሾፌሩ ክፉ አሸዋ አመጣ በይ። ማን ያውቃል? እኔም እመሰክራለሁ።»

ልቤ ወደዚያ አዘነበለ፤ አልዋሽም። ከዚያ ጆንያውን አየሁት። የቀረው አሸዋ እንዳለ አለ፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ሸጋ ሆኖ። ፈረንጁ በእኔ ቃል ሾፌሩን ረግሞ ሲያበቃ ወይ ራሱ ያጥበዋል፣ ወይ «መጥፎው የላይ የላዩ ነበር» ብሎ ከታች ይጨምራል። ያኔ ምን ይተርፋል?

«ይህ ጆንያ እዚህ እያለ አልዋሽም፣ አያ።»

«እኔስ ዋስሽ አይደለሁ?» አሉና ተከዙ። «ተይው። እንዳልሽ።»

ፈረንጁ ረፋዱ ላይ ደረሰ። የባሌ ወንድም ከማለዳ ጀምረው በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፈረንጁ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ገንዳው ሄደ። ተከተልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። ወለሉ ባዶ ነው፤ ድንጋዮቹ ተጨብጠዋል።

«ቀንድ አውጣዋ የት አለች?»

ነገርኩት። ከሙቀጫው ጀምሬ እስከ ሦስተኛው ጠርሙስ ሳልዘል ነገርኩት። ከወርቅ ይበልጣል ያልከውን ውሃ ጨረስኩት አልኩት። የቀረውን አሸዋ እንዳትነካው አልኩት። 

«ያን ነገር አምጪው» አለ።

አንድ ጭብጥ እንዶድ አመጣሁለት። በጣቱ አድቅቆ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነሰነሰውና በማንኪያ አማሰለው። አረፋው ከብርጭቆው አፍ ገንፍሎ ወጣ። አሸተተው፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው። በሩ ላይ ዘበኛው «ይማርህ» አሉ።

«ስንት ጣሳ አስገባሽ?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ አንድ ብለሃል። ሁለተኛውን አንስቼ መለስኩት።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለእኔ ያቺ ጊዜ ከቅዳሜውም ከእሑዱም ትረዝማለች። የባሌ ወንድም ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ሲገቡ ሰማሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታው» አሉት። «የሴትየዋ ዘመድ ነኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ይህች ሴት እዚህ ቤት ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች?»

ፈረንጁ ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምን እንደተያዘብኝ አያውቅም። ነግሬው አላውቅም ነበር።

«የት ትሄዳለች?» አለ። «ነገ አሸዋ እናጥባለን። እኔና እሷ። በውሃ ብቻ።» ወደ እኔ ዞረ። «በምን እንደምታጥቢ ሳልጠይቅሽ ሄድኩ። ስታጥቢ መቆም ነበረብኝ።»

የባሌ ወንድም ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃል የሰጡ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ሰማሁ» አሉ። «ለዛሪማው ሰው ልጂቱ ትማራለች እለዋለሁ። ሌላ ይፈልግ።» ግቢውን ሲያቋርጡ ጣራውን ቀና ብለው አላዩትም። ዘበኛው በሩን ከፈቱላቸው፤ ወዲያው ዘጉት፤ መቀርቀሪያውንም አስገቡ፤ በሩ በቀን ተቀርቅሮ አያውቅም።

ከቀትር በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ከበሩ ላይ ሆና ግቢውን ማዕዘን በማዕዘን አየች።

«አጎቴስ?»

«ሄዱ።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። እጇን ይዤ ወደ ሳሎኑ አስገባኋት። ከድንጋዮቹ አንዱ፣ ከመስኮቱ የሚቀርበው፣ አንዲት ጣት ያህል ተከፍቷል። ሌሎቹ ገና ናቸው። አረንጓዴው አሣ ባዶው ወለል ላይ አልጋውን እየፈለገ ይዞራል፤ ነገ ይነጠፍለታል።

ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ቤት አለን። ድነናል።